ከፊት ጎማው ጀርባ

ሞተር ሳይክል በቆመበት ሰው ሲሰበሰብ የማን ዓይን የት እንደሚያርፍ ማየት ደስ ይለኛል። ልጆች ቀድመው የሚያዩት የፍጥነት መለኪያውን ነው፤ መጨረሻው ላይ የተጻፈውን ቁጥር እያነበቡ ይከራከራሉ። ጎረምሶች ቀለሙንና የጭስ ማውጫውን ያያሉ። ሊገዛ የመጣ ሰው ጎማውን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን ያደርጋል፣ ካቴናውን ይነካካል፣ ዘይት አንጠባጥቦ እንደሆነም ከሞተሩ ሥር መሬቱን ይመረምራል። ከፊት ጎማው ጀርባ ጎንበስ ብሎ የሚያይ ግን እምብዛም አይገኝም። ጎማው ጭቃውንና ጠጠሩን በሚወረውርበት በዚያ አቅጣጫ፣ ስፋቱ ከተማሪ ደብተር ብዙም የማይበልጥ ጥቁር ዕቃ ታስሯል። ራዲያተሩ ነው። ሞተሩ ስንት ዓመት እንደሚያገለግል ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ የዚህ ዕቃ ጤንነት ነው።

ሁሉም ሞተር ሳይክል ራዲያተር የለውም። በከተሞቻችንና በገጠር መንገዶቻችን የሚበዙት በነፋስ የሚቀዘቅዙት ናቸው፤ ሞተራቸው ዙሪያውን ክንፍ ክንፍ አለው፣ ነፋሱም በክንፎቹ መካከል ሲያልፍ ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል። ጉልበት የጨመሩት ግን፣ ለምሳሌ ፑልሳር ኤንኤስ 200፣ ሙቀታቸውን ለውሃ አስረክበው ውሃውን ነፋስ ወዳለበት ይልኩታል። ወጌ ስለ እነዚህ ነው፤ ይሁንና ክንፎቹ በጭቃ ለተደፈኑበት ባለነፋሱ ሞተርም አብዛኛው ነገር ይሠራለታል።

ራዲያተርን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ባለሞተሩ የት የት እንደዋለ መገመት አያቅተውም። ወላይታ የሰነበተው ቀይ አፈር ለብሷል። በቾን በክረምት ያቋረጠው ጥቁሩ አፈር ደርቆ ተለስኖበታል። በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ውቂያ በሚካሄድባቸው አካባቢዎች ያለፈው በክንፎቹ መካከል የጤፍ እብቅ ይዞ ይመጣል። የመስከረሙ መንገደኛ ቢራቢሮና ንብ፣ በባሕር ዛፍ መካከል የሚመላለሰው የደረቀ ቅጠልና ልጣጭ አያጣም። ከተማ ውስጥ ውሎ የሚያድረው ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ የአሮጌ መኪኖች የናፍጣ ጥቀርሻ ከአቧራው ጋር ተለውሶ ቅባት ያለው ልባስ ይሠራበታል። መንገድ ለመንገድ ሲንከራተት የነበረ ፌስታልም አንዳንዴ በነፋስ መጥቶ ልጥፍ ይላል፤ ሲሞቅ ይለሰልስና ተጣብቆ ይቀራል። እብቁም አቧራውም ፌስታሉም እያንዳንዳቸው ኢምንት ናቸው። ጉዳታቸው የሚታየው ሲደራረቡ ነው።

ሞተሩ በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ የስልክን መብራት ከራዲያተሩ ጀርባ፣ ፋኑ በማይሸፍነው በኩል ይዞ ከፊት ማየት ብዙ ነገር ያስተምራል። ራዲያተሩ ከላይ እስከ ታች ጠፍጣፋ ቱቦዎች የተደረደሩበት ነው። በቱቦዎቹ መካከል እጥፍጥፍ ብለው የሚወርዱት ክንፎች ከወረቀት የማይወፍሩ የአሉሚኒየም ቅጠሎች ናቸው፤ በክፍተታቸው የክብሪት እንጨት አያልፍም። ንጹሕ ከሆነ ብርሃኑ በሺህ ቀዳዳ ተበጣጥሶ ይወጣል። ከቆሸሸ አንዱ ጥግ ያበራል፣ ሌላው ድቅድቅ ይላል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጨልመው የታችኛው ክፍል ነው፣ የጎማው ጭቃ በቀጥታ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነውና። ጠጠር የመታው ቦታ ላይ ደግሞ ክንፎቹ ተኝተው በሩን ዘግተዋል። ብርሃን ያላለፈበት ቦታ ነፋስም አያልፍበትም። አንድ ሦስተኛው የጨለመ ራዲያተር ያለው ሰው፣ የገዛው ራዲያተር ሙሉ ቢሆንም እየነዳ ያለው በሁለት ሦስተኛው ነው።

ይህ ለምን እንደሚያሳስብ ለመረዳት በሞተሩ ሆድ ውስጥ የሚነደውን ማሰብ ይበቃል። ቤንዚኑ ሲቀጣጠል ነበልባሉ ከ2,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። ነበልባሉን ከላይና ከታች የያዙት ቴስታታውና ፒስተኑ የተሠሩት ደግሞ በአብዛኛው ከአሉሚኒየም ነው፤ አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል። በደቂቃ 6,000 ጊዜ የሚዞር ባለ አንድ ፒስተን ፎር ስትሮክ ሞተር ይህን እሳት በሴኮንድ 50 ጊዜ ይለኩሳል። ብረቱ የማይቀልጠው የተቀበለውን ሙቀት ወዲያው ወዲያው ስለሚያስረክብ ነው። ከቤንዚኑ ጉልበት ጎማ ለማዞር የሚውለው ከሩብ እስከ ሲሶ ቢሆን ነው፤ የቀረው ሙቀት ከፊሉ በጭስ ማውጫው፣ ከፊሉ በውሃው በኩል መውጣት አለበት። ጎጆ ቤት ውስጥ እሳት ሲነድ ሰውን አስለቅሶ የሚያስወጣው መውጫ ያጣው ጭስ እንጂ እሳቱ አይደለም። የሞተርም ነገር እንዲሁ ነው፤ እሳቱ ከተፈጠረ ጀምሮ ያለ ነው፣ የሚገድለው መውጫው መዘጋቱ ነው።

የሞተር ሳይክል ሠሪዎች ይህን ችግር የተጋፈጡት ገና ከጅምሩ ነበር። በብዛት ተመርቶ ለሽያጭ የቀረበው የመጀመሪያው ሞተር ሳይክል፣ እ.ኤ.አ. በ1894 ሙኒክ ላይ መሠራት የጀመረው ሂልደብራንድ ኡንድ ቮልፍሙለር፣ በውሃ የሚቀዘቅዝ ነበር፤ ውሃውን የያዘው የኋላው ጭቃ መከላከያ ነበር። ዛሬ ለምናውቀው ዓይነት ራዲያተር መንገድ የተጠረገው ግን በመኪና በኩል ነው። ጀርመናዊው ቪልሄልም ማይባኽ በ1900 እና በ1901 መካከል ለመጀመሪያው መርሰዲስ የሠራው ራዲያተር፣ ጎናቸው 6 ሚሊ ሜትር የሆነ 8,070 ትንንሽ አራት ማዕዘን ቱቦዎች ነበሩት። ከዚያ በፊት ሞተር ሲሞቅ መፍትሔው ብዙ ውሃ መሸከም ነበር። ማይባኽ ውሃውን ቀንሶ ነፋስ የሚነካውን ገጽ አበዛ፤ መኪናውም ቀለለ፣ ሞተሩም ቀዘቀዘ። የራዲያተር ጉልበት ያለው በሚይዘው ውሃ ብዛት ሳይሆን ነፋስ በሚያገኘው ገጽ ስፋት ነው። ጭቃና እብቅ የሚቀሙን ይህንኑ ገጽ ነው፤ ስለዚህም ውሃው ሙሉ ሆኖ ሳለ ሞተሩ ሊፈላ ይችላል። ውሃ ጨምሮ ጨምሮ ግራ የሚጋባ ባለሞተር ብዙ ነው፤ ችግሩ ውጪ ተለጥፎ ሳለ ውስጡን ይፈልጋል።

እንደኛ ባለ ከፍታ ቦታ ሌላም የሚታሰብ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ላይ ሳይሆን 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የብዙ ሞተሮች ፋን ግን መዞር የሚጀምረው ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ነው። ታዲያ ውሃው ፋኑ ሳይነሳ ለምን አይፈላም? መልሱ ክዳኑ ዘንድ ነው። የራዲያተሩ ክዳን በምንጩና በላስቲኩ ግፊቱን አፍኖ ስለሚይዝ ውሃው ደጋ ላይም ከ110 ዲግሪ በላይ ድረስ ሳይፈላ ይቆያል። ላስቲኩ የደረቀና የተሰነጠቀ ክዳን ግፊቱን ይለቃል፤ ለቆላ ሰው ትንሽ የሚመስለው ይህ ጉድለት ደጋ ላይ ይብሳል። የደጋው አየር ራሱ ስስ ነው፤ በክንፎቹ መካከል ያንኑ ያህል ነፋስ ቢያልፍ እንኳ የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። ቅዝቃዜው ይክሰናል እንጂ።

ክዳኑም ራዲያተሩም የሚፈተኑበት ቦታ የዓባይ በረሃ ነው። ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረዳል፤ ከድልድዩ እስከ ደጀንም ያንኑ ያህል ይወጣል። ቁልቁለቱ ላይ ነፋስ ሞልቷል፣ ሞተሩም አርፏል። ታች ሲደረስ አየሩ ይግላል። ከዚያ ዳገቱ ይጀመራል፤ ጭነት የያዘ ተሳቢ ከፊት እየተጎተተ፣ ኩርባው ለመቅደም አይመችም፣ ማርሹ ዝቅ ይላል፣ ሞተሩ ይጮኻል። በዚህ ጊዜ ሞተሩ ብዙ ሙቀት ያመነጫል፣ ነፋሱ ግን የለም። ፋኑ ብቻውን ይቀራል። በሜዳ ላይ በሰባና በሰማንያ ኪሎ ሜትር ፍጥነት ችግሩን ደብቆ የቆየው የቆሸሸ ራዲያተር ገመናው የሚወጣው እዚህ ነው። የሙቀት ምልክቱ ይበራል፣ ጉልበቱ ይወርዳል።

እንዲህ ሲሆን ጥላ ያለበት ዳር ይዞ መቆም፣ ሞተሩን ማጥፋትና መታገሥ ነው። ብዙ ሰው እጁ ወደ ክዳኑ ይሄዳል። አይሆንም! ግፊቱ በተለቀቀበት ቅጽበት ውሃው ወደ እንፋሎት ተለውጦ ፊትና እጅ ይልጣል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋትም እንዲሁ ጥፋት ነው፤ የጋለ ብረት በድንገት ሲኮማተር ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ቴስታታ ከተጣመመ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ፣ ጉርኒሲዮኑ፣ ይለቃል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ወጪ የራዲያተር ማጠቢያ ዋጋ አይደለም። ግማሽ ሰዓት መቆም ከዚህ ሁሉ ይሻላል።

አጠባው ራሱ ከባድ ሥራ አይደለም፤ ትዕግሥት ብቻ ይፈልጋል። መጀመሪያ ሞተሩ እጅ የሚያስነካ እስኪሆን መቀዝቀዝ አለበት። ቀጥሎ ቆሻሻው በውሃ ይረጥባል፤ ሳሙና ጠብ ተደርጎበት የደረቀው ጭቃ እስኪፈታ ይቆያል። ችኩል ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሳይርስ የተፈገፈገ ጭቃ ክንፎቹን ይዞ ይሄዳልና። ከዚያ ለስላሳ ብሩሽ፣ ያገለገለ የጥርስ ብሩሽም ቢሆን፣ በክንፎቹ አቅጣጫ ብቻ ይሄዳል፤ አግድም ከሄደ ያስተኛቸዋል። የብረት ብሩሽ ጨርሶ አይነካም። ውሃው ደግሞ ከጀርባ ወደ ፊት፣ ከሞተሩ በኩል ወደ ጎማው ቢፈስ ጥሩ ነው። ቆሻሻው የገባው በፊት በኩል ተገፍቶ ስለሆነ በመጣበት መመለስ ይቀለዋል፤ ከፊት የተረጨ ውሃ ግን የበለጠ ወደ ውስጥ ይወትፈዋል። ከጀርባ ለመድረስ ቦታው ከጠበበ ራዲያተሩን የያዙትን ጥቂት ቡሎኖች ፈትቶ፣ ቱቦዎቹን ሳይነቅሉ ፈቀቅ ማድረግ በብዙ ሞተሮች ላይ ይቻላል።

የላቫጆ ነገር መነሳት አለበት። ላቫጆ ላይ የሚሠሩ ልጆች ትጉሃን ናቸው፤ በጧቱ ብርድ ባዶ እጃቸውን ውሃ ውስጥ ከትተው የሰው ንብረት ያሳምራሉ። የግፊት ውሃው ግን ለጎማና ለጭቃ መከላከያ እንጂ ለእነዚያ ስስ ቅጠሎች የተሠራ አይደለም። በቅርብ ከተተኮሰባቸው ተኝተው ያልቃሉ፤ ከላይ የታጠበ የሚመስለው ራዲያተር ከዚያ ወዲያ ነፋስ አያሳልፍም። አንድ ቀን አንድ ባለሞተር ልጁን ሲያናግረው ሰማሁ። «ወንድሜ፣ እዚች ጋ ስትደርስ ራቅ በልልኝ፣ ግፊቱንም ቀንሰው» አለው። ልጁም «እሺ ጋሼ፣ ማን ነግሮን ያውቃል?» ብሎ የመርጫውን አፍ ወደ ታች አደረገ። ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁለተኛ ሞተር ማንም ሳይነግረው እንደዚያው ሲያጥበው አየሁት። ዕውቀት ከሰው ወደ ሰው የሚሄደው እንዲህ ነው፤ በአክብሮት ከተነገረ ሳይውል ሳያድር ሥራ ላይ ይውላል።

የተኙትን ክንፎች ማቃናት ደግሞ ጥሩ ብርሃንና የረጋ እጅ የሚጠይቅ ሥራ ነው። በቀጭን ካቻቢቴ ጫፍ ወይም በወረንጦ አንድ በአንድ ቀና ይደረጋሉ። ኃይል ሲበዛ ክንፉ ይቀደዳል፤ የመሣሪያው ጫፍ ቱቦውን ከበሳ ደግሞ ውሃ ያንጠባጥባል። ሁሉንም ካላቀናሁ ማለት አያስፈልግም፤ የከፉትን ማንሳት ይበቃል። ከራዲያተሩ ፊት የሽቦ ወንፊት የሚያስሩም አሉ። ጠጠር ለሚበዛበት መንገድ ጥሩ መከላከያ ነው፤ ዓይኑ በጣም የጠበበ ወንፊት ግን ራሱ በጭቃ ይደፈንና ሊጠብቅ ከመጣው ጠላት ጋር ያብራል።

ውጪው ከጸዳ ውስጡም መታየት አለበት። የቧንቧ ውሃ ሲፈላ በማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚተወው ነጭ ቅርፊት በራዲያተሩ ቱቦዎች ውስጥም ይጋገራል፤ በላዩም ዝገት ይጨመርበታል። ለዚህ ነው አምራቾች ኩላንት የሚያዙት። እኩል ለእኩል ከተጣራ ውሃ ጋር የተደባለቀ ኩላንት የመፍያውን ዲግሪ ከፍ ያደርጋል፣ አሉሚኒየሙንም ከዝገት ይጠብቃል። መከላከያው ንጥረ ነገር ግን እያደር ይደክማል፤ ብዙ አምራቾች በየሁለት ዓመቱ ገደማ እንዲቀየር የሚመክሩት ለዚህ ነው። ሲቀየር አሮጌው ይፈስሳል፣ በተጣራ ውሃ ጥርት ብሎ እስኪወጣ ይታጠባል፣ አዲሱ ይሞላል፣ የታፈነው አየር ይወጣል፣ ማጠራቀሚያው ላይ በሁለቱ ምልክቶች መካከል መድረሱ ይታያል። የተጣራ ውሃ ለባትሪም ስለሚሸጥ፣ ሲገዙ በስህተት የባትሪ አሲድ እንዳይሰጥዎ ጠይቆ ማረጋገጥ ነው። የወጣው ፈሳሽ ቡናማ ከሆነ ዝገት አለ፤ ወተት መስሎ ዘይት ከታየበት ግን ጉርኒሲዮኑ ሳይለቅ አልቀረምና ወደ ጋራዥ መሄድ ነው።

አሮጌውን ኩላንት ቦይ ውስጥ መድፋት ነውር ብቻ ሳይሆን አደጋም ነው። አብዛኛው ኩላንት የሚሠራበት ኤትሊን ግላይኮል ጣፋጭ መርዝ ነው። ውሻም ድመትም ይልሱታል፣ ኩላሊታቸው ይጠፋል፤ ሕፃን ልጅም ቢቀምሰው ያው ነው። በጀሪካን ሰብስቦ፣ ክዳኑን አጥብቆ፣ ልጅ ከማይደርስበት አስቀምጦ የተቃጠለ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ማስረከብ ይሻላል።

ይህን ሁሉ የምለው ሞተር ሳይክል ለብዙው ሰው መዝናኛ ስላልሆነ ነው። የእንስሳት ሐኪሙ የታመመች ላም ጋ የሚደርስበት ነው። ገጠር ጤና ጣቢያ ላይ ቆሜ ሳስተውል ከምገረምባቸው ነገሮች አንዱ የክትባት ሣጥን የጫነ ሞተር ነው። ከኋላ የታሰረው ሣጥን ውስጥ ያለው ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መካከል መቆየት አለበት። ከዚያው ሣጥን ጥቂት ክንድ ወደ ፊት፣ በራዲያተሩ ውስጥ፣ 90 ዲግሪ የደረሰ ውሃ ይዞራል። አንዱ እንዳይሞቅ፣ ሌላው እንዳይፈላ እየተጠበቀ ባለሙያው በመካከላቸው ተቀምጦ ዳገት ይወጣል። የፊተኛው ሲፈላ ሞተሩ ይቆማል፤ ሞተሩ ሲቆም የኋለኛው በረዶ መቅለጥ ይጀምራል፤ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ዛፍ ጥላ ሥር ይጠብቃሉ። በአንድ ፌስታልና በአንድ እፍኝ እብቅ ምክንያት ይህ ሊሆን አይገባም።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ነው። ስለዚህ ሞተር ሳይክል ገዝተው ለሠራተኞቻቸው የሚያድሉ መሥሪያ ቤቶች ነዳጅና ጎማ በሚመድቡበት ወረቀት ላይ አንድ መስመር ይጨምሩ፤ በየወሩ ግማሽ ቀን ለአጠባ፣ በየሁለት ዓመቱ ኩላንት። በራሱ ሞተር እንጀራውን የሚያገኝ ሰው ደግሞ የሥራ ሳምንቱ ሲያልቅ ባልዲ፣ ሳሙናና ለስላሳ ብሩሽ ይዞ ከፊት ጎማው ጀርባ ጎንበስ ይበል፤ ጭቃ በበዛበት ክረምትና በውቂያ ወቅት ደግሞ ሳምንቱን አይጠብቅ። ልጅ ካለው መብራቱን ያስይዘው። ብርሃን የት እንደሚያልፍና የት እንደማያልፍ ያየ ልጅ፣ ነገ ሞተር ሊገዛ ሲሄድ ዓይኑ መጀመሪያ የት ማረፍ እንዳለበት ያውቃል።